እሳቱና ፊርማው፤ በእንግሊዝ አገር አስከሬን ስለ ማቃጠል የወጡ ሕጎች ታሪክ

መቃብር ለሕያዋን ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው ለቤተ ዘመድ ነው፤ ተዝካሩ የሚወጣበት፣ እንባ የሚፈስበትና ስም የሚጠራበት ቦታ ሆኖ ይኖራል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ቢሆንም ለፍርድ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። አንድ ሰው ተመርዞ ወይም ታንቆ እንደ ሞተ ከቀብሩ በኋላ የተጠረጠረ እንደሆነ መቃብሩ ተከፍቶ አስከሬኑ እንዲመረመር ማድረግ ይቻላል። መሬት የተቀበለችውን አደራ ለጊዜውም ቢሆን ትጠብቃለች። እሳት ግን አደራ አይጠብቅም። አመድ ከሆነ ገላ ውስጥ መርዝ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ አስከሬን የማቃጠል ልማድ በተጀመረበት አገር ሁሉ ሕግ አውጪዎችን ያስጨነቃቸው የምድጃው አሠራር አልነበረም፤ አስከሬኑ ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት ማን አይቶት፣ ማን ጠይቆ፣ ማን ፈርሞ ይለፍ የሚለው ጥያቄ ነበር። ይህ ጥያቄ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሲያከራክር የኖረው በእንግሊዝ አገር ነው። የዚያ ክርክር ታሪክ ለሐኪም፣ ለሕግ ዐዋቂና ለቀብር አስፈጻሚ እኩል ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ ቀጥሎ በአጭሩ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመዘገቡ ናቸው።

የክርክሩ መነሻ

በ1873 በቪየና ከተማ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የፓዱዋው ፕሮፌሰር ብሩኔቲ የአስከሬን ማቃጠያ ምድጃ ምሳሌና በምድጃው የተገኘውን አመድ ለሕዝብ አሳይተው ነበር። ይህን ከተመለከቱት መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ ቀዶ ጥገና ሐኪም የነበሩት ሰር ሄንሪ ቶምሰን ይገኙበታል። ሰር ሄንሪ ወደ ለንደን ከተመለሱ በኋላ፣ በሕዝብ ብዛት በተጨናነቁት ከተሞች አስከሬንን ማቃጠል ለጤና ጥበቃ የተሻለ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1874 መጀመሪያ ላይ በታወቀ መጽሔት አሳተሙ። በዚያው በጥር ወር ወዳጆቻቸውን በቤታቸው ሰብስበው የእንግሊዝ የአስከሬን ማቃጠል ማኅበርን አቋቋሙ። በማኅበሩ የመጀመሪያ መግለጫ ላይ ከፈረሙት ሰዎች መካከል ደራሲው አንቶኒ ትሮሎፕና ሠዓሊው ጆን ኤቨረት ሚሌ ይገኙ ነበር።

ለዚህ ሐሳብ ብርቱ ተቃዋሚ ሆነው የተነሡት ሌላው ቀዶ ጥገና ሐኪም ፍራንሲስ ሲመር ሄደን ናቸው። እርሳቸው ገላ በቀላል ሣጥን ሆኖ በቶሎ ከአፈር ጋር እንዲዋሐድ ማድረግ ለጤና የሚበቃ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፣ ማቃጠል ለወንጀለኛ መንገድ ይከፍታል ሲሉ ተከራከሩ። መርዝ ያበላ ሰው ማስረጃውን በሕጋዊ መንገድ የሚያጠፋበት ዘዴ ቢያገኝ ማን ይይዘዋል የሚል ነበር ፍርሃታቸው። ሰር ሄንሪም የዚህን ክርክር ክብደት አልካዱም። መልሳቸው ግን የሚያስገርም ነበር፤ ከማቃጠል በፊት ጥብቅ ምርመራ የተደረገ እንደሆነ፣ ያለ ምንም ምርመራ ከሚፈጸመው ቀብር ይልቅ ማቃጠሉ ወንጀልን ለመግለጥ የተሻለ ነው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግና ደንብ ሁሉ ይህ መልስ እውነት ይሆን ዘንድ የተደረገ ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማኅበሩ በ1878 ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው በዎኪንግ መሬት ገዛ። በፕሮፌሰር ጎሪኒ ንድፍ የተሠራው ምድጃም በመጋቢት 1879 በአንድ ፈረስ በድን ተፈተነ። ፈተናው በተሳካ ሁኔታ ተፈጸመ። ይሁን እንጂ የአካባቢው ነዋሪዎች ከደብራቸው ካህን ጋር ሆነው አቤት ስላሉ፣ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሰር ሪቻርድ ክሮስ ጉዳዩን መረመሩ። በድብደባ ወይም በመርዝ የደረሰን ሞት ለመሸፈን ሊያገለግል ይችላል በሚል ምክንያት ፓርላማው እስኪፈቅድ ድረስ የሰው አስከሬን እንዳይቃጠል ከለከሉ። ምድጃው ተሠርቶ ሳለ ለስድስት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ቆየ። በዚሁ ጊዜ ጣሊያኖች በሚላኖ፣ አሜሪካኖችም በፔንሲልቫኒያ ግዛት ከ1876 ጀምሮ ሥራውን ጀምረው ነበር።

በላንትሪሰንት ኮረብታ ላይ

በሩን የከፈተው ማኅበሩ አልነበረም፤ በዌልስ አገር ይኖሩ የነበሩ እንግዳ ጠባይ ያላቸው ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። ዶክተር ዊሊያም ፕራይስ የጥንቱን የድሩዶች እምነት እከተላለሁ የሚሉ፣ ከቀበሮ ቆዳ የተሠራ ቆብ የሚደፉ ሰው ነበሩ። በጥር 1884፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ሳሉ፣ አምስት ወር የሆነው ሕፃን ልጃቸው ሞተባቸው። እርሳቸውም የልጁን ገላ በላንትሪሰንት ከተማ አጠገብ በሚገኝ ኮረብታ ላይ አድርገው እሳት ለኮሱበት። ከጸሎት የሚመለሰው ሕዝብ ነበልባሉን አይቶ ተሰበሰበ፤ በድኑን ከእሳቱ አወጣ፤ ፖሊስም ዶክተሩን ከሕዝቡ ቁጣ አድኖ ወሰዳቸው።

በካርዲፍ ችሎት የቀረበው ክስ ሁለት ነገር የያዘ ነበር። አንደኛው አስከሬን በመቅበር ፈንታ ማቃጠላቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮሮነር የሚባለው የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ምርመራ እንዳያደርግ ማሰናከላቸው ነበር። ዳኛው ሰር ጄምስ ፊትዝጄምስ ስቲቨን የሰጡት የሕግ ትርጓሜ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። አስከሬን ማቃጠልን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ለሕዝብ ጠንቅ በሚሆን ሁኔታ ካልተፈጸመ በቀር ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ምርመራ ሊደረግበት የሚገባውን አስከሬን ምርመራው እንዳይደረግ ብሎ ማጥፋት ወንጀል ነው። ዶክተር ፕራይስ በነፃ ተለቀቁ፤ በመጋቢት ወርም የልጃቸውን አስከሬን እንዳሰቡት አቃጠሉ። እርሳቸው ራሳቸው በ1893 ሲሞቱ በዚያው ኮረብታ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ገላቸው ተቃጠለ።

የዳኛው ፍርድ እሳቱን ፈቀደ፤ የማስረጃውን ጉዳይ ግን በማስጠንቀቂያ አጠረው። በዚያው ዓመት ነገሩን በሕግ ለመወሰን ለታችኛው ምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ተቀባይነት ስላላገኘ፣ አጥሩን የመሥራቱ ኃላፊነት በማኅበሩ ላይ ወደቀ። ማኅበሩም የራሱን ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ማቃጠል የሚፈልገው የሟች ወራሽ ወይም ዘመድ ማመልከቻ ማቅረብ ነበረበት። ከዚያም ሁለት ሐኪሞች ሞቱ የተፈጥሮ ሞት መሆኑን እያንዳንዳቸው በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረባቸው። ይህ ካልሆነ አስከሬኑ ተከፍቶ እንዲመረመር ተወሰነ። እንዲህ ሆኖ በመጋቢት 26 ቀን 1885 የመጀመሪያዋ ሴት አስከሬን በዎኪንግ ተቃጠለ። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከሞቱት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑት ሰዎች መካከል በዎኪንግ የተቃጠሉት ሦስት ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ መታሰብ የሚገባው ነገር አለ። በዚያን ዘመን ለሚቀበር ሰው የአንድ ሐኪም ወረቀት ይበቃ ነበር፤ ሐኪሙም አስከሬኑን ሳያይ ወረቀቱን መስጠት ይችል ነበር። በ1893 የታችኛው ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ይህን አሠራር መርምሮ ነቀፈው፤ ሐኪሙ አስከሬኑን በዓይኑ እንዲያይ እንዲታዘዝም አሳሰበ። ምክሩ ግን ለቀብር በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙታን ተፈጠሩ፤ አንድ ፊርማ የሚበቃቸው የሚቀበሩትና ሁለትና ሦስት ፊርማ የሚያስፈልጋቸው የሚቃጠሉት።

የ1902 ሕግና ቅጾቹ

ከዎኪንግ ቀጥሎ በማንቸስተር፣ በግላስጎና በሊቨርፑል ምድጃዎች ተሠሩ። በ1901 የሀል ከተማ አስተዳደር በራሱ ገንዘብ የአስከሬን ማቃጠያ ቤት ከፈተ። ፓርላማው ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ ለመመልከት አልቻለም። በ1902 የወጣው የአስከሬን ማቃጠል ሕግ ለአካባቢ አስተዳደሮች ማቃጠያ ቤት የማቋቋም ሥልጣን ሰጠ። ቤቱ ያለ ባለቤቱና ያለ ነዋሪው የጽሑፍ ፈቃድ ከመኖሪያ ቤት ከሁለት መቶ ያርድ ባነሰ ርቀት እንዳይሠራ፣ ከሕዝብ መንገድም ቢያንስ ሃምሳ ያርድ እንዲርቅ፣ በተባረከ የመቃብር ቦታ ላይም እንዳይቆም ደነገገ። ዝርዝሩን እንዲያወጣ የአገር ግዛት ሚኒስትሩን አዘዘ፤ ደንቡም በ1903 ወጣ።

የደንቡ መሠረት በፊደል ተራ የተሰየሙ ቅጾች ነበሩ። ቅጽ «ኤ» የዘመድ ማመልከቻ ነው። አመልካቹ ከሟቹ ጋር ያለውን ዝምድና፣ የቅርብ ዘመዶች መስማታቸውንና መቃወም አለመቃወማቸውን፣ ሞቱን በሚመለከት ጥርጣሬ መኖር አለመኖሩን ይገልጽበታል። ቅጽ «ቢ» ሟቹን ያከመው ሐኪም የሚሞላው ነው። ታማሚውን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው መቼ ነው? አስከሬኑን ያየው ከሞት በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው? ማን ሲያስታምም ነበር? ሲሞት ማን በአጠገቡ ነበረ? በሟቹ ሞት የገንዘብ ጥቅም ያገኛል ወይ? የሚሉ ጥያቄዎችን ይዟል። ቅጽ «ሲ» የሁለተኛው ሐኪም ማረጋገጫ ነው። የአስከሬን ምርመራ የተደረገ እንደሆነ ቅጽ «ዲ»፣ የአሟሟት መርማሪው ዳኛ ጉዳዩን የያዘው እንደሆነ ቅጽ «ኢ» ይሞላል። በመጨረሻም የማቃጠያ ቤቱ ሐኪም እነዚህን ሁሉ አንብቦ በቅጽ «ኤፍ» ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ አልቃጠልም ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠ እንደሆነ ፈቃዱ እስከ 1965 ድረስ በደንቡ የተጠበቀ ነበር።

ከፈቃዱ በኋላ ያለውን ሥራ ደግሞ የሙያው ሰዎች ራሳቸው በሥነ ሥርዓት ደንብ አጠሩት። ሣጥኑ እንደ መጣ ይቃጠላል እንጂ አይከፈትም፤ ከውስጡም ከላዩም አንዳች ነገር አይወሰድም። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ስም ከወረቀቱ ጋር ከተመሳከረ በኋላ፣ የሟቹ ስም የተጻፈበት ካርድ ሣጥኑን ተከትሎ ወደ ምድጃው በር፣ ከዚያም አመዱን ተከትሎ ወደ ዕቃው ይሄዳል። በአንድ ምድጃ ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። በኋለኛው ዘመን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በብዙ ታማሚዎች ደረት ውስጥ መቀበር ሲጀምር፣ ባትሪው በሙቀቱ ስለሚፈነዳ መሣሪያው አስቀድሞ መውጣቱ በቅጹ ላይ እንዲጠየቅ ተደረገ።

በዚህ አኳኋን ሥራው ተስፋፋ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1886 የጣለችውን ክልከላ በ1963 አነሣች፤ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በብሪታንያ የሚቃጠለው አስከሬን ቁጥር ከሚቀበረው በለጠ። የበዛ ነገር ግን ይለመዳል። ሁለተኛው ሐኪም ለፊርማው የሚቀበለውን ክፍያ ሐኪሞቹ በመካከላቸው «የአመድ ገንዘብ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። በቅጽ «ሲ» ላይ ሌላ ሐኪም፣ አስታማሚ፣ ዘመድ ወይም ሌላ ሰው ጠይቀሃልን የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ነገር ግን «አልጠየቅሁም» ብሎ መጻፍም እንደ በቂ መልስ ይቆጠር ስለ ነበር፣ በብዙ ቦታ ማረጋገጫው ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር ከሚደረግ ውይይትና አስከሬኑን ከማየት አላለፈም። ይባስ ብሎ በ1971 ሪፖርቱን ያቀረበው የብሮድሪክ ኮሚቴ ተሰውሮ የሚቀር ግድያ እጅግ የማያሰጋ መሆኑን ገልጾ፣ የአሟሟት ማስረጃው አሰጣጥ ከተሻሻለ ልዩዎቹ ቅጾች ቢቀሩ የሚጎዳ ነገር የለም ሲል መከረ። ምክሩ በሥራ ላይ አልዋለም፤ ቅጾቹም እንደ ነበሩ ቀጠሉ።

የሃይድ ከተማ ሐኪም

በማንቸስተር አቅራቢያ በምትገኘው በሃይድ ከተማ ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል፣ በታማሚዎቹ ዘንድ የተወደደ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት ታማሚዎቹን፣ አብዛኞቹን አሮጊቶች፣ ዳያሞርፊን የተባለውን ብርቱ ማደንዘዣ እየወጋ ይገድል ነበር። ከገደለም በኋላ ቅጽ «ቢ»ን በራሱ እጅ ይሞላል፤ ከጎረቤት ክሊኒክ ያሉት ባልደረቦቹም የነገራቸውን አምነው ቅጽ «ሲ»ን ይፈርሙለታል፤ የማቃጠያ ቤቱ ሐኪምም ሙሉ ሆነው የቀረቡለትን ወረቀቶች አይቶ ይፈቅዳል። ሦስቱም ፊርማዎች በቦታቸው ነበሩ። የጎደለው ከሟቿ ልጅ ወይም ከጎረቤቷ ዘንድ ሄዶ «እንዴት ሞተች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ነገሩን አስቀድመው ያስተዋሉት ወረቀት የሚፈርሙት ሳይሆኑ አስከሬን የሚያነሡት ናቸው። የከተማዪቱ ቀብር አስፈጻሚዎች የዚህ ሐኪም ታማሚዎች ሞት መብዛቱን፣ አሮጊቶቹም እንደ ሕመምተኛ በአልጋ ላይ ሳይሆን ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በወንበራቸው ተቀምጠው መገኘታቸውን ተመለከቱ። አንደኛው ቀብር አስፈጻሚ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቆት ነበር፤ ሐኪሙም መዝገቡን አሳይቶ የሚያሳስብ ነገር የለም ብሎ ሸኘው። ጥርጣሬው ግን አልጠፋም። በመጋቢት 1998 ከጎረቤት ክሊኒክ አንዲት ሐኪም፣ ባልደረቦቿ ለሺፕማን የሚፈርሙት የማረጋገጫ ብዛት ከራሳቸው ሟቾች ጋር ሲነጻጸር እጅግ መብለጡን አስተውላ ለአሟሟት መርማሪው ዳኛ አመለከተች። በዚያች ዕለት የሁለት ሟቾች አስከሬን ገና ሳይቃጠል በቀብር አስፈጻሚው ቤት ይገኝ ነበር። ተከፍተው ቢመረመሩ ኖሮ መርዙ በተገኘ ነበር። ፖሊስ ግን ምርመራውን በለሆሳስ አካሂዶ ማስረጃ የለም ሲል ዘጋው፤ አስከሬኖቹም ወደ እሳት ሄዱ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት ሰዎች ገደለ።

በመጨረሻ ያጋለጠው አንድ መቃብር ነው። በሰኔ 1998 የሞቱት የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ሀብታቸውን ለሐኪማቸው እንዳወረሱ የሚገልጽ የተጭበረበረ ኑዛዜ ቀረበ። የሕግ ባለሙያ የሆነችው ልጃቸው ተጠራጥራ ለፖሊስ አመለከተች። አሮጊቲቱ የተቀበሩ እንጂ የተቃጠሉ አልነበሩምና መቃብራቸው ተከፈተ፤ በገላቸውም ውስጥ መርዙ ተገኘ። ሺፕማን በጥር 31 ቀን 2000 በአሥራ አምስት ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ሆኖ በዕድሜ ልክ እስራት ተቀጣ። ዳኛ ዴም ጃኔት ስሚዝ የመሩት መርማሪ ኮሚሲዮን በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የገደላቸው ሰዎች ቁጥር 215 መድረሱን ገለጸ።

ኮሚሲዮኑ በ2003 ያቀረበው ሦስተኛ ሪፖርት የአሟሟት ማስረጃ አሰጣጥን የሚመለከት ነው። ዋና ፍሬ ነገሩም የሚከተለው ነው፤ ሁለተኛው ፊርማ የተመሠረተው የመጀመሪያው ሐኪም በነገረው ቃል ላይ ከሆነ ሁለት ፊርማ አንድ ፊርማ ነው።

ከፊርማ ወደ ጥያቄ

ለውጡ ዝግ ብሎ መጣ። ከ2009 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ቅጾቹን በቁጥር ሰይሞ እንደገና አዘጋጀ፤ አመልካቹ ቤተሰብ ሐኪሞቹ የጻፉትን ማስረጃ ማቃጠሉ ከመፈጸሙ በፊት እንዲያነብ መብት ሰጠ። ከመቶ ዓመት በላይ በሐኪሞች መካከል ተዘግቶ የኖረውን ወረቀት ሟቿን የሚያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየው ቻለ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሁለተኛው ሐኪም ማረጋገጫ በእንግሊዝና በዌልስ እንዲቆም ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም።

ስለ አመዱም ቢሆን ወረቀት ብቻውን ጠባቂ እንደማይሆን በስኮትላንድ ታይቷል። በኤዲንበራ ከተማ ሞርተንሆል በተባለው ማቃጠያ ቤት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሕፃናት ለሞቱባቸው ወላጆች «የሚተርፍ አመድ የለም» ይባሉ ነበር። በ2014 የወጣው ሪፖርት አመዱ ወላጆቹ ሳያውቁ በግቢው ውስጥ ሲቀበር መኖሩን ገለጸ። የ2016ቱ የስኮትላንድ ሕግ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ «አመድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነም በሕግ ተተረጐመ።

ከመስከረም 9 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ አሟሟት መርማሪው ዳኛ የማይቀርበውን ሞት ሁሉ፣ የሚቀበርም ሆነ የሚቃጠል፣ ሟቹን ያላከመ አንድ መርማሪ ሐኪም እንዲመለከተው በሕግ ተደንግጓል። መርማሪው የሕክምና መዝገቡን ያያል፤ ቤተሰቡም የሚያሳስበው ነገር ካለ ይጠየቃል። በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሰው ሲሞትባቸው በዚሁ በር ያልፋሉ፤ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነም አስቀድሞ ለአሟሟት መርማሪው ዳኛ መታወቅ አለበት። በ1893 የተመከረውና ለቀብር ችላ የተባለው ነገር በሌላ መልክ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ሁለቱ ዓይነት ሙታን አንድ ሆኑ።

እንግዲህ ሰር ሄንሪ ቶምሰንና ሲመር ሄደን የተከራከሩበት ነገር ለሁለቱም የሚፈርድ ሆኖ ተገኝቷል። እሳት ማስረጃ ያጠፋል ያሉት ሄደን አልተሳሳቱም፤ ጥብቅ ምርመራ ከተደረገ አደጋው ይቀራል ያሉት ቶምሰንም አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የደረሰው በሁለቱ መካከል፣ ምርመራው ወደ ፊርማነት በተለወጠበት ጊዜ ነው። በሃይድ ከተማ ቅጹ ሁሉ ተሞልቶ ሳለ እውነቱን የተጠራጠሩት፣ ሟቿን ከወንበሯ ላይ አንሥተው ልብሷን ያዩት ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ለሙታን ጥብቅና የሚቆመው ቅጹ ሳይሆን ቅጹን የያዘው ሰው ነው፤ እርሱም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።